ትንሽ የሊኑክስ ዌብ ሰርቨር፦ ታሪኩና አተካከሉ

ትንሽ ዌብ ሰርቨር የሚባለው ጥቂት ዌብሳይቶችን ይዞ ቀን ከሌት ኢንተርኔት ላይ የሚውል ኮምፒውተር ነው። ትልቅ ማሽን አይፈልግም። 1 ጊጋባይት ራም ያለው የኪራይ ሰርቨር ለጥቂት ቀለል ያሉ ዌብሳይቶች ይበቃል። ብዙውን ጊዜ የሚጫንበት ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ ጀመረው። ለሰርቨር የምንወደውን የሊኑክስ ዓይነት፣ ዴቢያንን ደግሞ ኢያን መርዶክ በ1993 መሠረተው።

ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ ገጾችን ለጠያቂው የሚያቀርበው ፕሮግራም ራሱም ዌብ ሰርቨር ይባላል፤ አፓቼ አንዱ ነው። የአፓቼ ታሪክ ግን ዘርዘር ተደርጎ ሊነገር ይገባዋል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ውስጥ ሮብ ማኩል የሚባል ወጣት አንድ የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው። ማኩል በ1994 አጋማሽ ማዕከሉን ሲለቅ ፕሮግራሙ ባለቤት አጣ። ተጠቃሚዎቹ ግን አልተዉትም። ስህተት ሲያገኙ በየራሳቸው ይጠግኑት ጀመር። በየካቲት 1995 ስምንት ሰዎች በኢሜይል ተገናኝተው ጥገናዎቹን አንድ ላይ አሰባሰቡ። የመጀመሪያው የአፓቼ እትም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወጣ። ከዚያ ሮበርት ታው ውስጡን እንደ አዲስ አዋቀረው፤ 1.0 የተባለው እትም በዲሴምበር 1 ቀን 1995 ተለቀቀ። በ1996 አፓቼ በአገልግሎት ስፋት በዓለም አንደኛ ሆነ። ደሞዝ የሚከፍላቸው ድርጅት ሳይኖር፣ በትርፍ ጊዜያቸው ነው ይህን የሠሩት። ትልቅ ሥራ ነው።

ስሙ ያከራክራል። «የተጣጣፈ» ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ከመሥራቾቹ አንዱ ብሪያን ቤህለንዶርፍ ግን አፓቼ ለተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ካለው አክብሮት የመረጠው መሆኑን ተናግሯል። የመራጩን ቃል መያዝ ይሻላል።

ኤንጂንኤክስ የተባለውን ሌላ የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ኢጎር ሲሶዬቭ በ2004 ለሕዝብ አወጣው። በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው ሲገባ ራም በመቆጠብ ይበልጣል። ለትንሽ ሰርቨር ልዩነቱ ያን ያህል አይሰማም።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ዴቢያን ከተጫነ በኋላ ከሩቅ በኤስኤስኤች፣ ማለትም በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ፣ ይገባል። በፓስዎርድ ከመግባት በቁልፍ ፋይል መግባት ይመረጣል። ያልተፈለገ ግንኙነት የሚያግደው ፋየርዎል ላይ ሦስት ፖርት (ቁጥር ያለው መግቢያ በር) ብቻ ክፍት ይቀራል፦ ለኤስኤስኤች 22፣ ለዌብ 80 እና 443። አፓቼ በአንድ ትዕዛዝ ይጫናል። ቀጥሎ የዶሜይኑ (የዌብሳይቱ) ስም ወደ ሰርቨሩ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት ቁጥሩ፣ እንዲያመለክት ይደረጋል።

ዋናው ነገር ቨርችዋል ሆስት፣ ማለትም አንድ ሰርቨር ብዙ ዌብሳይት የሚይዝበት ዘዴ ነው። ሰርቨሩን እንደ ኮንዶሚኒየም ብሎክ አስቡት። ግቢው አንድ ነው፣ ቤቱ ብዙ። እንግዳው በር ላይ የማንን ቤት እንደሚፈልግ ይናገራል። ብራውዘርም የሚፈልገውን ዌብሳይት ስም ይናገራል፤ አፓቼ ወደዚያ ፎልደር ይመራዋል። ይህን በስም መጠየቅ ግዴታ ያደረገው በ1997 የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1፣ ማለትም ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ ዌብሳይት የየራሱ አይፒ አድራሻ ያስፈልግ ነበር። ለእያንዳንዱ ዌብሳይት አንድ አጭር ፋይል ይጻፋል፦ ስሙና ፎልደሩ።

ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ሰርተፊኬት ድሮ በአብዛኛው በገንዘብ ይገዛ ነበር። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ ለሁሉም በነጻ ይሰጣል። የተለመደው ሰርተፊኬት ለ90 ቀን ያገለግላል፤ ሰርትቦት የተባለው ፕሮግራም ጊዜው ሳያልፍ ያድሰዋል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ዩኒኮድ በሚጻፍበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ አፓቼውም፣ ዳታቤዙም፣ ገጹም ሦስቱም በዩቲኤፍ-8 መሆናቸው ይረጋገጥ። አንዱ ከተለየ «ሰላም» የተባለው ቃል አንባቢው ጋ የጥያቄ ምልክት ወይም የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይደርሳል።