ሲንዶን ምንድን ነው?

ሲንዶን በጥንታዊው ግሪክኛ ከተልባ እግር ክር የተሠራ ስስ ጨርቅ፣ ወይም ከዚሁ ጨርቅ የተቆረጠ፣ በመርፌ ያልተሰፋ ሰፊ መጎናጸፊያ ስም ነው። በአዲስ ኪዳን ስድስት ጊዜ የሚገኝ ሲሆን፣ አራቱ የአርማትያሱ ዮሴፍ የጌታን ሥጋ የከፈነበትን ጨርቅ ስለሚያመለክቱ «መግነዝ ማለት ነው» ተብሎ ሲፈታ እንሰማለን። ይህ አፈታት ግን ቃሉን ከሚገባው በላይ ያጠበዋል።

ቀሪዎቹ ሁለቱ የሚገኙት በማርቆስ 14፥51-52 ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጌታ በተያዘበት ሌሊት «ዕርቃኑን በነጠላ የሸፈነ አንድ ጎበዝ» ይከተለው እንደ ነበር፣ ሲይዙትም ነጠላውን ጥሎ እንደ ሸሸ ይነግረናል። በግሪክኛው ይህ «ነጠላ» ሲንዶን ነው፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ዮሴፍ ገዝቶ ያመጣው «በፍታም» ያው ሲንዶን ነው። የእኛ ነጠላ ከጥጥ የሚሸመን በመሆኑ በክሩ ባይገጥምም፣ ሰው እንደ ነገሩ ጣል የሚያደርገው ልብስ በመሆኑ ተርጓሚዎቹ ጥሩ ቃል መርጠዋል እላለሁ። በማርቆስ 15፥46 «ከፈነው» የተባለውም በግሪክኛው «ጠቀለለው» ከማለት አያልፍም፤ የመቃብሩን ነገር የሚነግረን የታሪኩ ሂደት እንጂ የጨርቁ ስም አይደለም።

ከወንጌል ውጭም አጠቃቀሙ ሰፊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዘመን የኖረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ ግብፅ ሲጽፍ፣ ሰው በሲንዶን ተጠቅልሎ ቢተኛ እንኳ የወንዙ አካባቢ ትንኝ በጨርቁ ላይ እንደሚነክሰው ይናገራል፤ የግብፅ ሰዎች አስከሬን የሚጠቀልሉበት ጥብጣብም ከዚሁ ጨርቅ እንደሚቀደድ በዚያው ጽሑፉ ያስረዳል። በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም፣ ማለትም በጥንታዊው የብሉይ ኪዳን የግሪክኛ ትርጉም፣ ሶምሶን በእንቆቅልሹ ያስያዘው ሠላሳ ሲንዶን ነው (መሳፍንት 14)፤ በምሳሌ 31 የምትመሰገነዋ ባለሙያ ሴትም ሲንዶን ሠርታ ትሸጣለች። እንግዲህ ዮሴፍ የገዛው ለሙታን ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ዕቃ ሳይሆን፣ ሕያዋንም የሚለብሱትና የሚተኙበት የገበያ ጨርቅ ነበር ማለት ነው። በዛሬው ግሪክኛ አንሶላ የሚጠራበት «ሴንዶኒ» የተባለው ቃል የመጣውም ከዚሁ ነው።

ዮሐንስ በበኩሉ ሲንዶን የሚለውን ቃል ፈጽሞ አይጠቀምም፤ ለጌታ ሥጋ መጠቅለያ «ኦቶኒያ» (የተልባ እግር ጨርቆች) የሚል የብዙ ቁጥር ስም፣ ለጭንቅላቱ ደግሞ «ሱዳሪዮን» (መሐረብ መሰል ጨርቅ) ይላል። ከዚህ በመነሣት ሲንዶን ወጥ ጨርቅ፣ ኦቶኒያ ደግሞ የተቀደደ ጥብጣብ ነው ብለው አጥብቀው የሚከራከሩ አሉ። ይሁን እንጂ ሉቃስ በ23፥53 ሲንዶን ያለውን፣ ባዶውን መቃብር በሚተርክበት በ24፥12 ኦቶኒያ ስለሚለው፣ በእነዚህ ሁለት ስሞች ልዩነት ላይ ብቻ ትልቅ ክርክር መገንባት የሚያዋጣ አይመስለኝም።