«ታይድ ሃውስ» ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር የድሮ ፐብ (የሰፈር መጠጥ ቤት) በር ላይ ቀና ብላችሁ ብታዩ ብዙ ጊዜ ሁለት ስም ታነባላችሁ። አንዱ የፐቡ ነው፣ ሌላው የቢራ ጠማቂው። የጠማቂው ስም እዚያ የተሰቀለው ቤቱ የእሱ ስለነበር ነው። ታይድ ሃውስ፣ ማለትም የታሰረ ቤት የሚሉት ይህንን ነው። ፐቡን ተከራይቶ የሚያሠራው ሰው ቢራውን ከአከራዩ ፋብሪካ እንጂ ከሌላ አያመጣም።

ስለ ውሉ ብዙ ተብሏል። ስለ ሕንፃዎቹ ግን ሰው እምብዛም አያወራም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ትልልቆቹ ጠማቂዎች የራሳቸው አርክቴክቶች ነበሯቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቅድሚያው ለመኖሪያ ቤት ስለነበር የግንባታ ፈቃድ ቁጥጥሩ እስከ 1954 ቆየ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ቁጥጥሩ ሲነሳ በየአዲሱ ሰፈር የፐብ ግንባታ ተጧጧፈ። ሃርሎው የምትባለው አዲስ ከተማ ፐቦቿን በቢራቢሮ ስም ነው የሰየመቻቸው።

በዚያን ጊዜ ወደተሠራ ፐብ ውስጥ እንግባ። በአንዱ በር ስትገቡ «ፐብሊክ ባር» ነው። ወለሉ ሊኖሌም (የወለል ፕላስቲክ የሚመስል ንጣፍ)፣ ወንበሩ እንጨት፣ ግድግዳው ላይ የዳርት ሰሌዳ። ሠራተኛው በሥራ ልብሱ የሚገባው እዚህ ነው። በሌላው በር ደግሞ «ላውንጅ» አለ፤ ምንጣፍና ለስላሳ ወንበር ያለው። ባንኮኒው መሃል ላይ ስለሚሠራ አንድ አስተናጋጅ ወዲህም ወዲያም ይቀዳል። ድራፍቱ የሚመጣው ከአንድ ምድር ቤት ነው፤ ላውንጅ የተቀመጠ ግን ትንሽ ጨመር አድርጎ ይከፍል ነበር። ጠርሙስ ይዞ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ለብቻው መሸጫ የነበራቸውም አሉ። የሰፈሩን ኑሮ ከወለሉ ፕላን ላይ ማንበብ ይቻላል።

እኔ በጣም የምወደው ኬይስተር የባሕር ዳርቻ ያለውን «ኔቨር ተርን ባክ»ን ነው። በ1957 የላኮንስ ቢራ አርክቴክት ኤክልስቶን የነደፈው ነው። ስሙ «ወደ ኋላ አትመለስ» እንደማለት ነው። በ1901 ሰው ለማዳን ወጥተው ጀልባቸው ተገልብጣ የሞቱትን ዘጠኝ የኬይስተር ሰዎች ያስታውሳል። አንድ ቢራ ፋብሪካ ለደንበኞቹ ሐዘን እንዲህ ያለ ቤት መሥራቱ ልቤን ይነካዋል።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ፈርሰዋል። በ1989 የወጣው ደንብ ደግሞ ከ2,000 በላይ ፐብ ያላቸውን ጠማቂዎች እስራቱን እንዲያላሉ አስገደዳቸው፤ ብዙ ፐቦችም ተሸጡ። ኔቨር ተርን ባክ በ2018 በቅርስነት ተመዝግቧል። በሌሎቹ ብዙዎቹ ግን የሁለቱ ክፍሎች ግድግዳ ፈርሷል። ምልክቱን ለማየት ከውጭ በሮቹን መቁጠር ነው፦ ሁለት በር፣ ውስጡ ግን አንድ ክፍል።