ከሩቅ ኢላማ መምታት ለሚማር ሰው የትኛው ጥይት ይሻላል? ከጎንደር ሲታይ

ጎንደር ላይ ጠመንጃ በስሙ ነው የሚጠራው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» ነው፤ ስሙ በእኛ አፍ ተለውጦ እንዲህ ሆነ። ምንሽርም ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጣ ነው። ስለ ካሊበር፣ ማለትም ስለ በርሜሉ ውስጠኛ ስፋት ግን ብዙም አይወራም። የርቀት ኢላማ ተኩስን እንደ ስፖርት ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው፤ ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፣ ጥይት ግን በየልምምዱ ያልቃል።

እኔ ለጀማሪ ሳላመነታ የምመክረው «ሃያ ሁለት» የሚባለውን ነው። ስፋቱ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሱ 2.6 ግራም ገደማ ነው። ርካሽ ነው። ትከሻ አይመታም፤ ስለዚህ ቃታ ሲሳብ ዓይን የመጨፈን ክፉ ልማድ አይመጣም። የኦሎምፒኩ የ50 ሜትር ውድድርም በዚሁ ነው፤ የመሃሉ ባለ 10 ነጥብ ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። «50 ሜትር ምኑ ሩቅ ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ይህ ጥይት ቀርፋፋ ስለሆነ፣ በ50 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃ 200 ሜትር ላይ ቢተኮስ ጥይቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ዝቅ ይላል፣ ቀላል ነፋስም ወደ ጎን ይወስደዋል። ትልልቆቹ በብዙ መቶ ሜትር የሚያስተምሩትን እሱ በቅርብ ርቀት ያስተምራል።

ቀጥሎ 223 ሬሚንግተን የሚባለው ጥይት አለ፤ ግፊቱ ቀላል፣ ዋጋውም የሚቻል። 308 ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ነው፣ ትከሻን ጠንከር አድርጎ ይመታል። ኤፍ ክላስ በሚባለው የርቀት ውድድር አንዱ ምድብ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ይፈቅዳል። 6.5 ክሪድሞር ነፋስን በደንብ ይቋቋማል፤ ግን ጥይቱ ውድ ነው፣ በርሜሉም ከ308ቱ ቀድሞ ያልቃል። እኛ ጋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የክላሽ ጥይት፣ 7.62 በ39፣ ለዚህ አይሆንም። ከ300 ሜትር በኋላ ቶሎ ይወርዳል።

አንድ የጎንደር ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይት እዚህ የሚወርደው ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚወርደው ያነሰ ነው። ጥይት በየርቀቱ ምን ያህል እንደሚወርድ በሚያሳይ፣ ለዝቅተኛ ቦታ በተሠራ ሰንጠረዥ የሚተኩስ ሰው ከኢላማው በላይ ይመታል። ወደ መተማ ቆላ ቢወርድ ቁጥሩ እንደገና ይለወጣል።

ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።

ጥይት ሳይወጣም መለማመድ ይቻላል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቶ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ሃያ ሁለት ከሆነም ጥይቱን የሚመታው መርፌ እንዳይጎዳ ባዶ ቀለሃ ከትቶ፣ በርሜሉ ጫፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ቃታውን ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ሳንቲሙ ከወደቀ፣ እጁ ገና ነው።