ሽምደዳ ነው ያላችሁኝን ሰዎች ቅኔ ቤት ልውሰዳችሁ

በቀደም እዚሁ ጎንደር በመምህራን ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ብድግ ብሎ «የቆሎ ተማሪውን ሽምደዳ ትተን ወደ ብሌንድድ ለርኒንግ እንሻገር» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ብሌንድድ ማለት ነባሩንና ዲጂታሉን ማዋሐድ አይደል እንዴ? አንዱን ጥለን ምኑን ከምን ልናዋሕድ ነው? በአታን የመሰለ የአቋቋም (የማሕሌት ዜማና ሽብሸባ) ጉባኤ ቤት ባለበት ከተማ ይህ መባሉ ደግሞ ይብሳል።

ስለ ብሌንድድ ለርኒንግ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ፕሮጀክተር ካለን ዲጂታል ሆነናል።» መጽሐፉን ግድግዳ ላይ አጉልታችሁ አነበባችሁ፤ በቃ።

«ኢንተርኔት ከሌለ አይሆንም።» ሜሞሪ ካርድ ምን ሠርቶ ይብላ?

«የአብነት ትምህርት (የቆሎ ተማሪው የቤተ ክህነት ትምህርት) ሽምደዳ ብቻ ነው።» እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ዳዊት በቃል ይጠናል፣ እውነት ነው። ቅኔ ግን በየቀኑ አዲስ ይፈጠራል። ተማሪው ከየኔታ ስልቱን ይሰማል፣ ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል (ያዘጋጃል)፣ ተመልሶ ለየኔታ ይነግራል፤ የተበላሸው እዚያው ይታረማል። ከሁለት ቤቱ (ሁለት ስንኝ ካለው) ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። የሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣማ ጓደኞቹ አይለቁትም። አሁን «ፍሊፕድ ክላስሩም» የሚባለውን እዩት፦ ተማሪው ቤቱ ቪዲዮ አይቶ ይመጣል፣ የክፍሉ ሰዓት ለሥራና ለእርማት ይውላል። የኔታ ይህን ሲሰሙ የሚስቁ ይመስለኛል።

ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ስለ ሴል ክፍፍል ስድስት ደቂቃ በስልኬ ቀርጬ በቴሌግራም ላክሁ። ዳታ የሌለው ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው በዜንደር ተቀበለ፤ ስልክ የሌለው ከጓደኛው ጋር ሰማ። በነጋታው ጠመኔ አልነካሁም። እየተነሱ አስረዱ፣ እኔ አረምኩ፣ የበረታው የደከመውን አስጠና። ፈተና ላይ ሁለቱን የሴል ክፍፍል ዓይነቶች፣ ሚቶሲስን ከሜዮሲስ፣ ያምታቱት ጥቂት ነበሩ። በሌላ ዓመት ግማሹ ክፍል ነው የሚያምታታው።

«ቴክኖሎጂው ሲመጣ መምህሩ ያርፋል።» የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱን ረሳችሁት? በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣውን? ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይለቀቃል፤ አይቆም፣ አይመለስ። «ደብተራችሁ ላይ ሥሩ» ይለናል፤ እርሳስ ሳናነሳ መልሱን ይነግረናል። መምህራችን ጥግ ላይ ቆሞ አብሮን ያያል። መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜውም አብሮ ሄደ።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ቀረጻችሁ ከሰባት ደቂቃ አይለፍ። መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ ተዉላቸው። ክፍል ስትገቡ ደግሞ የቀረጻችሁትን እንዳትደግሙላቸው፤ አንዴ ከደገማችሁ በሚቀጥለው የሚሰማ ልጅ አታገኙም።