አንድ ዲሽ ለብዙ ቴሌቪዥን፦ የሳተላይት ሥርጭት ማካፈል በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከተሞች አንድን ዲሽ ለሁለት ክፍል፣ ለሁለት ጎረቤት ወይም ለአንድ ሙሉ ብሎክ ማካፈል የተለመደ ነው። ስለ አሠራሩ በአማርኛ የተጻፈ ግን ብዙም አይገኝም። እውቀቱ ያለው በዲሽ ሠራተኞች እጅ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈውም ጣሪያ ላይ፣ ሥራው መሀል ነው። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ከሳተላይት ድርጅቶች መግለጫዎች፣ ከሪሲቨር መመሪያዎችና ከሠራተኞቹ ልማድ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋናውን ነገር አስቀድሞ መናገር ይሻላል። በአንድ ቤት ስንት ቴሌቪዥን የየራሱን ቻናል ሊያይ እንደሚችል የሚወስነው ሪሲቨሩ አይደለም። ዲሹ ላይ የተሰቀለው ኤልኤንቢ፣ ማለትም ከዲሹ ፊት ታስሮ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ሁለተኛ ሪሲቨር ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

የናይልሳት ዘመን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሲጀምር ሥርጭቱ በምድር አንቴና ነበር፤ ቀለም የገባው በ1984 ነው። ዲሽን የብዙኃን ዕቃ ያደረገው ናይልሳት ነው። የግብፁ ናይልሳት 101 በ1998 ወደ ሰማይ ወጣ፤ ቦታውም 7 ዲግሪ ምዕራብ ሆነ። ወርኃዊ ክፍያ አልነበረውም። ዲሽና ሪሲቨር ከገዙ በቃ፣ የዓረቡ ዓለም ጣቢያ ሁሉ ሳሎን ይገባል። ኤምቢሲ 2 በ2003 ሲጀምር ከዓረብኛ ጽሑፍ ጋር የሚያሳያቸው የእንግሊዝኛ ፊልሞች የአዲስ አበባን ወጣት ማታ ማታ ቤት አስቀመጡት። ዓረብኛ የማይችለው ሁሉ የኤምቢሲን የፕሮግራም ሰዓት በቃሉ ያውቅ ነበር።

ቀጥሎ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች መጡ። ኢቢኤስ በ2008 ጀመረ። ቃና በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያስተረጎመ ሲመጣ የቤቱ ሰው በአንድ ቴሌቪዥን መስማማት አቃተው። እናት ድራማዋን፣ ልጁ ኳሱን፣ ትንሿ ካርቱኗን ትፈልጋለች። ሁለተኛ ቲቪ መኝታ ቤት መግባት የጀመረው ከዚህ በፊት ቢሆንም፣ «ለዚህኛውም መስመር ሳብልኝ» የሚለው ጥያቄ የዲሽ ሠራተኞች የዕለት እንጀራ የሆነው በዚያ ሰሞን ነው ማለት ይቻላል።

ዲሹ የፖለቲካ ዕቃም ሆኖ አልፏል። በ2014 ቢቢሲ፣ ዶይቸ ቬለ፣ ፍራንስ 24 እና የአሜሪካ ድምፅን የሚያስተዳድረው ቦርድ፣ በዓረብሳት የሚያልፈው ሥርጭታቸው ከኢትዮጵያ ምድር በሚነሳ ሞገድ እየታወከ ነው ሲሉ አቤቱታ አሰሙ። ክሱ በመንግሥት በኩል ተቀባይነት አላገኘም። በ2016ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ደግሞ መቀመጫቸውን በውጭ አገር ያደረጉትን ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት የሚከለክል መመሪያ ወጣ። ዲሽ ሠራተኛው በዚያ ጊዜ ምን ያህል መከራ እንዳየ የሚናገር የተደራጀ መዝገብ የለም።

ኢትዮሳት

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2019 ነው። የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ከኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ጋር ኢትዮሳትን ይፋ አደረገ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ተሰባስበው በአንድ ሰማይ ላይ መገኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ለዓመታት በዓረብኛ ጣቢያዎች መሀል ተበትነው ሲፈለጉ የኖሩ ቻናሎች የራሳቸውን ቤት አገኙ። ዓላማው የሳተላይት ወጪን በጋራ መቀነስና የውጭ ምንዛሪ ማዳን እንደሆነ ተገልጿል። ተመልካቹን ከውጭ ጣቢያዎች መለየትም ታስቦበታል የሚሉ አሉ።

አንድ ስህተት እዚህ ላይ መታረም አለበት። ኢትዮሳት ኢትዮጵያ ያመጠቀችው ሳተላይት አይደለም። ቻናሎቹ የሚያልፉት ኤንኤስኤስ 12 በተባለው የኤስኢኤስ ሳተላይት ነው፤ የተመጠቀው በ2009፣ ቦታው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ያስወነጨፈችው ኢትአርኤስኤስ 1 የተሠራው ምድርን ለመቃኘት ነው፤ ቴሌቪዥን ለማስተላለፍ አይደለም። ሁለቱ ዜናዎች በአንድ ሰሞን ስለተሰሙ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያወራቸዋል።

ለቤቱ ባለቤት ግን ለውጡ የታየው ጣሪያው ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት በምዕራብ በኩል፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ኢትዮሳት ደግሞ በምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ጋደል ብሎ፣ በ66 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ጎን ለጎን አስሮ ለመያዝ አይመችም። ስለዚህ ኤምቢሲውንም መተው ያልፈለገ ሰው ሁለተኛ ዲሽ ተከለ። የአዲስ አበባን ጣሪያዎች ያየ ሰው ሳይነግሩት ይለያቸዋል። ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ የሚያየው ናይልሳት ነው፤ ወደ ኋላ ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ኢትዮሳት ነው።

ሲግናሉ እንዴት ይከፋፈላል

ኤልኤንቢ ከሳተላይቱ የሚመጣውን ከፍተኛ ሞገድ ተቀብሎ በኬብል ሊሄድ ወደሚችል፣ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ወዳለ ዝቅተኛ ሞገድ ይቀይረዋል። ችግሩ የሳተላይቱ ሥርጭት በሙሉ በአንድ ኬብል አለመብቃቱ ነው። ስለዚህ በአራት ይከፈላል፦ ቨርቲካልና ሆሪዞንታል (የሞገዱ ሁለት አቅጣጫዎች፣ ቁምና አግድም)፣ እያንዳንዱም ከ11700 ሜጋኸርዝ በታችና በላይ። ኬብሉ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሚፈልግ የሚያዘው ሪሲቨሩ ነው። 13 ቮልት ሲልክ ቨርቲካል፣ 18 ቮልት ሲልክ ሆሪዞንታል ይመጣለታል። 22 ኪሎኸርዝ «ቶን» የሚባለውን ምልክት ሲጨምርበት ወደ ላይኛው ክፍል ይሻገራል።

አሁን ሁለት ሪሲቨር በአንድ ኬብል ላይ በስፕሊተር፣ ማለትም አንዱን ኬብል ለሁለት በሚያካፍል ዕቃ፣ ተቀጠሉ እንበል። ሳሎን ያለው 18 ቮልት ይልካል፣ መኝታ ቤት ያለው 13። የሚያሸንፈው ከፍ ያለው ነው። ሳሎን ቻናል በተቀየረ ቁጥር መኝታ ቤት «ኖ ሲግናል» ይላል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ሪሲቨሩ ተበላሸ ተብሎ ሱቅ ድረስ ይመለሳል። ሪሲቨሩ ግን ምንም አልሆነም።

ኢትዮሳት ብቻ ለሚያይ ቤት ነገሩ ይቀላል። በሰፊው የሚታወቁት የኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲዎች፣ 11105 እና 11545፣ ሁለቱም ሆሪዞንታል ናቸው፤ ሁለቱም ከ11700 በታች ናቸው። ሁለቱም ሪሲቨሮች የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ አይጣሉም። ርካሽ ስፕሊተርም ሥራውን ይሠራል፤ ሁለት ነገር ካሟላ። አንደኛ ላዩ ላይ እስከ 2400 ወይም 2500 ሜጋኸርዝ የሚል መሆን አለበት። ለተራ አንቴና የተሠራውና 1000 ላይ የሚያቆመው አይሆንም። ሁለተኛ በሁለቱም መውጫዎች ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ይሁን። በአንዱ ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ያኛው ክፍል ሪሲቨር ካልበራ ይኸኛው አይሠራም። «ቲቪው ምን ነካው፣ እሷ ስትተኛ አብሮ ይተኛል» የሚያስብለው ይሄ ነው።

ናይልሳት ላይ ግን ቻናሎቹ በሁለቱም አቅጣጫ ስለተበተኑ ስፕሊተር መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢ መግዛትና ለእያንዳንዱ ቲቪ የራሱን ኬብል መሳብ ነው። እያንዳንዱ መውጫ ራሱን የቻለ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይነካም።

ሁለቱንም ሳተላይት በሁለት ክፍል ለማየት የሚሠራው እንዲህ ነው። በሁለቱም ዲሽ ላይ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ ይሰቀላል። ሠራተኞች «ስዊች» ወይም «ዳይሴክ» የሚሏት፣ ሪሲቨሩ ሲያዛት ከአንዱ ዲሽ ወደ ሌላው የምትቀይር ትንሽ ሳጥን፣ ሁለት ይገዛል። ከእያንዳንዱ ዲሽ አንድ አንድ ኬብል ወደ አንዷ ስዊች፣ የቀሩት ሁለቱ ወደ ሌላዋ ይገባሉ። ከስዊቾቹ የሚወጣው አንድ አንድ ኬብል ወደየክፍሉ ይወርዳል። ጥሩ ሠራተኛ በሁለቱም ስዊች ላይ ኢትዮሳትን በአንድ ዓይነት ቁጥር ያስገባል። ካልሆነ የሳሎኑን ሪሲቨር መኝታ ቤት ሲወስዱት ሁሉም ነገር ይገለባበጣል።

ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ማለትም ለሕንፃ፣ አራቱን ክፍሎች በአራት ኬብል የሚያወርድ ኤልኤንቢና እነሱን ለብዙ ሪሲቨር የሚያከፋፍል መልቲስዊች ያስፈልጋል። በአውሮፓ ዩኒኬብል የሚባለው ዘዴ በ2007 ደረጃ ወጥቶለት በአንድ ኬብል እስከ 8 ሪሲቨር፣ በ2013 የተሻሻለው እስከ 32 ያስተናግዳል። ዘዴው ሪሲቨሩም እንዲያውቀው ይፈልጋል።

የሠራተኛው እጅ

ብዙው ብልሽት ከሳተላይቱም ከሪሲቨሩም አይደለም፤ ከኮኔክተሩ ነው። ኬብሉ ሲላጥ የውጪው ሽቦ መረብ ወደ ኋላ መታጠፍ አለበት። ከመረቡ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር የመሀሉን መዳብ ከነካች ሪሲቨሩ «ሾርት» ይላል፤ ምስል የለም። የመሀሉ ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ብቅ ማለት አለበት። ኬብሉ ወደ ኮኔክተሩ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለበት ተደርጎ ይታጠፋል፤ ውሃው እዚያ እንዲንጠባጠብ። ይህን የሚንቅ ሠራተኛ ክረምት ሲገባ መልሶ ይጠራል። መገጣጠሚያውን በተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸፍኑም አሉ፤ አያምርም ግን ይሠራል።

ዲሹን ማስተካከል ድሮ የሁለት ሰው ሥራ ነበር። አንዱ ጣሪያ ላይ «መጣ?» ይላል፤ ሌላው ከሳሎን «ሄደ! መልሰው!» ይላል። ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመር ይታያል። ስትሬንግዝ የሚለው ዲሹ ባዶ ሰማይ ቢያይም ሊሞላ ይችላል። መታመን ያለበት ኳሊቲ የሚለው ነው። ዛሬ ሲግናል መፈለጊያ መሣሪያና የስልክ አፕ አለ፤ ሆኖም ያለምንም መሣሪያ የጎረቤትን ዲሽ አየት አድርገው ወዲያው የሚይዙ ሠራተኞች አሁንም በየሰፈሩ አሉ።

ኮንዶሚኒየም

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ለጋራ ዲሽ የሚሆን መስመር ብዙ ጊዜ አልተዘረጋም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነዋሪ በረንዳው ላይ የራሱን ሰቀለ። በረንዳው ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው ናይልሳትን በቀላሉ ያገኛል። ኢትዮሳት ግን ከፍ ስለሚል በምሥራቅ በኩል ያለ በረንዳም ቢሆን የላይኛው ፎቅ ወለል ይጋርደዋል። ዲሾቹ በረጅም ብረት ወደ ውጭ ተገፍተው የሚታዩት ለዚህ ነው። በረንዳው ወደ ሰሜን የሆነ ሰው ያለው አማራጭ ጣሪያ ነው። ጣሪያው ደግሞ በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 (ይህ ዓመት ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የጋራ ነው፤ ስለዚህ ከኮሚቴ ጋር መነጋገር ግድ ይላል። አንዳንድ ብሎኮች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ዲሽ በመልቲስዊች ተካፍለዋል። ይህ ከሁሉ የተሻለው አሠራር ነው፤ የሕንፃውም ፊት ከተንጠለጠለ ኬብል ይተርፋል።

ዲኤስቲቪ

በክፍያ የሚታየው የዲኤስቲቪ ሥርጭት ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሚመጣ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአናት በላይ ነው ማለት ይቻላል። ለሁለተኛ ቲቪ ኤክስትራቪው የሚባል አገልግሎት አለው፦ ሁለት ዲኮደር (የዲኤስቲቪ ሪሲቨር) በአንድ ደንበኝነት ይያያዛሉ፣ ትንሽ ተጨማሪ ይከፈላል፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ቻናል ያሳያሉ። ሱፐርስፖርት በ2020 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የሥርጭት መብት ሲገዛ የአገር ውስጥ ጨዋታም እዚያው ገባ።

በየሰፈሩ ያሉት የኳስ ማሳያ ቤቶች የብዙ ስክሪን አሠራርን ከማንም በላይ ያውቁታል። አንድ ጨዋታ በአራት ስክሪን ለማሳየት አንድ ዲኮደርና የኤችዲኤምአይ ስፕሊተር ይበቃል። አራት የተለያየ ጨዋታ በአንድ ሰዓት ለማሳየት ግን አራት ዲኮደርና አራት መስመር ያስፈልጋል። በኢንተርኔት «ሰርቨር» የተዘጉ ቻናሎችን የሚከፍቱ ሪሲቨሮችም በገበያ አሉ። ሕጋዊ አይደሉም፤ ድንገት መዘጋታቸውም የተለመደ ነው።

በውጭ አገርና በመኪና

በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን የአገር ቤት ጣቢያዎችን ለዓመታት ያዩት በጋላክሲ 19፣ በ97 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ዛሬ ብዙው ወደ ኢንተርኔት ሄዷል። በዚያው አገር መኝታና ኩሽና ባለው መኪና የሚጓዙ ሰዎች ጣሪያቸው ላይ ትንሽ አንቴና ይተክላሉ፤ ጥያቄያቸውም አዲስ አበባ ካለው አይለይም። ባለ አንድ መውጫ አንቴና ከፊት ያለውን ቲቪ ብቻ ነጻ ያደርጋል፣ የኋላው ተከታይ ይሆናል። ልዩነቱ መኪናው በቆመ ቁጥር ሳተላይቱ እንደገና መፈለጉ ነው፤ ብዙዎቹ አንቴናዎች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል።

ዝናብና ፀሐይ

ኃይለኛ የክረምት ዝናብ ምስሉን ይቆራርጣል። ዲሹ ሰፋ ያለ ከሆነና ስፕሊተር ከሌለበት ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ለሁለት የሚያካፍል ስፕሊተር ሲግናሉን ከግማሽ በታች ያደርገዋል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው መቋረጥ በዓመት ሁለቴ፣ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ይመጣል። በእነዚያ ቀናት ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለችና ዲሹ የሚሰማው የእሷን ሞገድ ነው። በመስቀል ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ኢትዮሳት ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ፣ ናይልሳት ደግሞ ከሰዓት 10 ሰዓት ሊሞላ ሲል ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋሉ። በቤቱ ያሉት ቲቪዎች ሁሉ በአንዴ ይሄዳሉ፣ ራሳቸውም ይመለሳሉ። ሠራተኛ መጥራት አያስፈልግም።