«ከቤቴ ሆኜ አስቀድሳለሁ»፦ ስለ አምልኮ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አብዛኞቻችን የትንሣኤን ሌሊት ያሳለፍነው ቴሌቪዥን ፊት ነበር። ወረርሽኙ ቢያልፍም ልማዱ አልሄደም። ዛሬ የእሑድ ቅዳሴም ሆነ የወንጌላውያን ጉባኤ በዩቲዩብና በፌስቡክ በቀጥታ ይተላለፋል። ከዚሁ ጋር ስለ አምልኮ የምንናገረው እየተዛባ መጥቷል። ደጋግሜ ከምሰማቸው ጥቂቶቹን ላንሣ።

«አምልኮ ማለት መዝሙር ነው»

በተለይ በወንጌላውያን ዘንድ «አምልኮው አልቆ ስብከት ተጀምሯል» ሲባል ይሰማል፤ ዘማሪዎቹ ከመድረክ ሲወርዱ አምልኮውም አብሮ የወረደ ይመስል። መዝሙር የአምልኮ ክፍል ነው፣ ያውም ትልቅ ክፍል። ጳውሎስና ሲላስ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሳለ እኩለ ሌሊት ላይ ዘምረዋል፤ የኦርቶዶክስ ማኅሌትም ያለ ቅዱስ ያሬድ ዜማ አይታሰብም። ነገር ግን እግዚአብሔር በነቢዩ በአሞጽ አፍ የዝማሬያችሁን ጩኸት ከእኔ አርቁ ሲል ያስቆጣው የዜማው መበላሸት አልነበረም። ድኻው በአደባባይ ፍርድ እየተነፈገ መዘመራቸው ነው። ንባቡም፣ ጸሎቱም፣ ንስሐውም፣ ቁርባኑም፣ ምጽዋቱም አምልኮ ነው። ሮሜ 12 ላይ «ሰውነታችሁን ሕያው መሥዋዕት አድርጋችሁ አቅርቡ» የተባለው ለመዘምራን ብቻ አይደለም።

«በስልክ የሚደረግ አምልኮ አምልኮ አይደለም»

እንዲህ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ደጀ ሰላሙ በእግር የሚደረስበት ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችንን አስቡ። በሳዑዲ ዓረቢያ በይፋ የሚታወቅ ቤተ ክርስቲያን የለም። ቤይሩት አብያተ ክርስቲያናት ቢኖሩም የዕረፍት ቀን ያልተሰጣት ልጅ ከበር አትወጣም። ሥራዋን ጨርሳ፣ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ማዳሟ ብትጠራት እንድትሰማ ሌላኛውን ትታ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች «እግዚኦ ተሣሃለነ» ትላለች። ይህ ጸሎት አይደርስም ለማለት የሚደፍር ካለ መጽሐፍ ቅዱስን ደግሞ ያንብብ። ዳንኤል ባቢሎን ሆኖ በሰገነቱ መስኮት ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ በቀን 3 ጊዜ ሲጸልይ መቅደሱ ፈርሶ ነበር።

ከሩቅ ቃሉን መስማትም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ አንሥቶ ደርግ በ1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ ከአዲስ አበባ በብዙ ቋንቋዎች ወደ አፍሪካና እስያ ቤቶች ይገባ ነበር። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ሲታሸጉም ምእመናኑ በየሰው ቤት ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መሰብሰባቸውን አላቋረጡም።

«እንግዲያው ቀጥታ ስርጭቱ ይበቃኛል»

የብዙዎቻችን ፈተና ይህ ነው፤ ጤና እያለን፣ ታክሲው በራችን እያለፈ፣ የምንቀርበትም ምክንያት ሳይኖረን።

የሐዋርያት ሥራ 2፥42 የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የተጉባቸውን 4 ነገሮች ይቆጥራል፦ የሐዋርያት ትምህርት፣ ኅብረት፣ እንጀራን መቁረስና ጸሎት። ትምህርቱን ስልክ ያደርሰዋል። ጸሎቱንም ያግዛል። ኅብረቱን ግን በግማሽ እንኳ ካደረሰ ብዙ ነው፤ እንጀራውን ጭራሽ ሊያደርስ አይችልም። ሥጋ ወደሙ ይቀበሉታል እንጂ አይመለከቱትም።

ቅዳሴን በቅርብ የተከታተለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቅዳሴ ልዑካኑ ሠርተውት ሕዝቡ የሚያየው ነገር አይደለም። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል የሚመልሰው ሕዝቡ ነው፤ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል መነሣት ያለበት የሕዝቡ አካል ነው። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» የሚልበት ሰዓት ነው። እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ተሳለሙ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞሮ እጅ ይነሣል። ጎንህ የቆመውን አንተ አልመረጥከውም። በውርስ የተካሰስከው ዘመድህ ሊሆን ይችላል፤ ሰላምታ ካቋረጥክ የከረምክ ጎረቤትህም ሊሆን ይችላል። ሳትታረቅ እጅ ብትነሣው ኅሊናህ ያውቀዋል፣ ባትነሣው ደግሞ እሱ ያያል። ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ ክፍል ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ዜማ ሆኖ ያልፋል።

ሐዋርያው ዮሐንስ በሁለተኛ መልእክቱ ብዙ የሚጽፈው ነገር እያለው በወረቀትና በቀለም ሊያደርገው እንዳልወደደ፣ መጥቶ አፍ ለአፍ ሊነጋገር ተስፋ እንደሚያደርግ ይነግራቸዋል። ደብዳቤ የዘመኑ መገናኛ ነበረ። ሐዋርያው ተጠቅሞበታል፤ በእሱ ግን አልረካም።

«ጌታ ራሱ ቦታ አያስፈልግም ብሏል»

ለሳምራዊቷ ሴት የተነገረው (ዮሐንስ 4) ከገሪዛንና ከኢየሩሳሌም የትኛው ተራራ ይበልጣል ለሚለው ክርክር የተሰጠ መልስ ነው። አብ በመንፈስና በእውነት የሚሰግዱለትን ይሻል ተባለ እንጂ በየቤታችሁ ቅሩ አልተባለም። ሉቃስ 4፥16 ጌታ ራሱ በሰንበት እንደ ልማዱ ወደ ምኩራብ ገባ ይላል።

«ሁለት ወይም ሦስት በስሜ በሚሰበሰቡበት» የሚለውም ለብቻ ለመቅረት ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ማቴዎስ 18ን ከፍ ብላችሁ ከቁጥር 15 ጀምራችሁ አንብቡት፤ የበደለህን ወንድም ሄደህ ውቀሰው፣ ካልሰማህ ሰው ይዘህ ሂድ እያለ የሚመጣ ትምህርት ነው። ስለ መቅረት ሳይሆን ስለ መሄድ ነው።

«አሜን ብለህ ሼር ካደረግህ በረከቱ ይደርስሃል»

ሐሰት ነው። ጸጋ በሼር ቁጥር አይሰፈርም። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ የጸለየ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አይደለም፤ በተለይ በግል የባንክ ሒሳብ ገንዘብ ላኩ የሚል ከሆነ። ዐሥራት ለምታውቁት አጥቢያ፣ በአጥቢያው ስም በተከፈተ ሒሳብ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ስጡ።

«የቀረ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው»

ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ155 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለሮም ንጉሠ ነገሥት በጻፈው መከላከያ የእሑድን ጉባኤ ይተርካል። ከከተማም ከገጠርም ሰው ይሰበሰባል፤ የሐዋርያት ጽሑፍና የነቢያት መጻሕፍት ይነበባሉ፤ ሁሉም ቆመው ይጸልያሉ፤ ቁርባኑ ይታደላል። ቀጥሎ የጻፈው ለዘመናችን የሚበጅ ነው፦ ላልመጡት ዲያቆናቱ ያደርሱላቸዋል። የተሰበሰበውም ገንዘብ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለታመሙ፣ ለታሰሩና ለእንግዶች ይውላል።

ስለዚህ ስርጭት ያለው አጥቢያ ሥራው ካሜራ በመትከል አያልቅም። ከአልጋ የማይነሡት እናት ቅዳሴውን በልጃቸው ስልክ ይከታተሉ፤ በዚያው ሳምንት ግን የንስሐ አባታቸው ቤታቸው ገብተው ይጸልዩላቸው፣ ጠበል ይርጩላቸው። ከሰንበት ትምህርት ቤቱም ሁለት ልጆች ሄደው ይዘምሩላቸው። የወንጌላውያን ጉባኤም ሽማግሌዎቹን ይላክ። ሪያድ ላለችው እኅት የሚሄድላት ባይገኝ እንኳ በስሟ የሚደውልላት፣ ዕረፍት ማግኘት አለማግኘቷን የሚጠይቃት አንድ ሰው በአጥቢያው ይመደብላት።