«አንድ ጉድ እንፍጠርና አዳራሹ ይሞላል» ለሚሉኝ

ሥራዬ ቴአትር ማስተዋወቅ ነው። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ያ የኒውዮርኩ ሰውዬ እንዳደረገው አንድ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ፍጠርልን» ይለኛል። ሰልችቶኛል። ወደ ሰውዬው እመለሳለሁ፤ ለማንኛውም ስለ ቴአትር ከምሰማቸው የተሳሳቱ ወሬዎች ከቀላሎቹ ልጀምር።

«በሼክስፒር ዘመን ለንደን ውስጥ ቴአትር በቀን የሚታየው ሕዝቡ ሥራ ፈት ስለነበር ነው።» ኧረ ተው! እንደ ግሎብ ያሉት ቴአትር ቤቶች መሃላቸው ጣሪያ አልነበረውም፤ መብራታቸው ፀሐይ ነበረች። በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ገደማ የሚጀምሩት ሳይመሽ ለመጨረስ ነው። አናቱ ላይ የሚሰቀለው ባንዲራም ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ላለው ሰው «ዛሬ ትርዒት አለ» ይለዋል።

«እኩለ ሌሊት የሚታይ ትርዒት የሰካራም ነው።» በ1921 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ጥቁር አሜሪካውያን የሠሩት «ሻፍል አሎንግ» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ረቡዕ እኩለ ሌሊትም ይቀርብ ነበር። ሰዓቱ የተመረጠው የሌሎች ቴአትር ቤቶች ተዋንያን ሥራቸውን ጨርሰው እንዲደርሱበት ነው። ሙያተኛ አይቶ ካወራልህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

«የመድረክ ኮከቧ አና ሄልድ በየቀኑ በወተት ትታጠብ ነበር።» የማስታወቂያ ሰዎች ፈጠራ ነው። እለፉት።

አሁን ወደ «ሰውዬው» እንምጣ። ብሮድዌይ በሚባለው የኒውዮርክ የቴአትር ሰፈር ይሠራ የነበረው ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሜሪክ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. መጨረሻ «ሰብዌይስ አር ፎር ስሊፒንግ» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት አቀረበ፤ ሐያስያኑ ብዙም አልጣማቸውም። እሱም ከሰባቱ የከተማው ጋዜጦች ሐያስያን ጋር ሞክሼ የሆኑ ሰባት ሰዎችን ከስልክ ማውጫ አፈላልጎ፣ ተውኔቱን አሳይቶ፣ እራት አብልቶ፣ በስማቸው የውዳሴ መዓት የተደረደረበት ማስታወቂያ አዘጋጀ። ወሬውን የሚነግሩኝ ሁሉ እዚህ ሲደርሱ ይስቁና «ከዚያማ ተመልካቹ ጎረፈ» ብለው ይዘጉታል።

የቱ ጎርፍ? ማስታወቂያው የወጣው በሄራልድ ትሪቢዩን ጋዜጣ አንድ እትም ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነቅቶበት ተነሣ። ወሬው ትኬት አልሸጠም አልልም፤ ግን ተውኔቱ 205 ጊዜ ታይቶ፣ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላው ወረደ። ያው ሜሪክ በ1964 ይኸው ተውኔት በታየበት በሴንት ጄምስ ቴአትር ያስገባው «ሄሎ ዶሊ» ግን 2,844 ጊዜ ታየ። ልዩነቱን የፈጠረው ማስታወቂያ ይመስላችኋል?

እኔም በጀማሪነቴ ሞክሬዋለሁ። መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭነን ሰፈር ለሰፈር ዞርን፤ ሰልፍ እንዲመስል ዘመድ አዝማድ በር ላይ ገተርን። የመጀመሪያው እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። በሦስተኛው ተዋንያኑ ከተመልካቹ ይበልጡ ነበር፤ የገባው ሰው «ሁለተኛው ገቢር ያስተኛል» ብሎ ለጎረቤቱ ነግሮ ነበርና። ስለዚህ ወደ እኔ ከመምጣታችሁ በፊት ልምምዱ ላይ አሥር የማያውቋችሁን ሰዎች አስቀምጡና ስልካቸውን የሚያዩበትን ደቂቃ መዝግቡ። እዚያ ቦታ ላይ ቁረጡ። ለፖስተሩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ደግሞ ሜሪክ ያን የሞክሼዎች ዘዴ በአንድ ሌሊት አላመጣውም። ሐሳቡ ለዓመታት ነበረው፤ የኒውዮርክ ታይምሱ ሐያሲ ብሩክስ አትኪንሰን ጡረታ እስኪወጣ ግን መጠበቅ ግድ ሆነበት። የእሱ ሞክሼ ሊገኝ አልቻለማ!